ሞክሼዎች

በሲንቹ ከተማ ነፋስ ሥራ አለው፤
የሩዝ ክር ከቀርከሃ አልጋ ላይ ሲያደርቅ የሚውል እሱ ነው።
የዚያን ማክሰኞ ግን ሽታ ይዞ ገባ፣
ካፒቴን ጓን ሲመጣ፣ የበሰበሰ ስኩዊድ በነጭ ሣጥን ሞልቶ፣ እንደ ሠርግ አበባ
አቅፎ።
ጠረጴዛችን ላይ ዘረገፈው።
«ይኸው» አለ፣ «ማቀዝቀዣችሁ ያተረፈው።»

አርባ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው ሲቆጣ አይጮኽም፤
ቆሞ ያይሃል እንጂ። ዓይኑን አልቻልኩም።

ዮ ሱቺንግ ጓንት አጥልቃ የመቆጣጠሪያውን ሆድ ከፈተች፣
ቺፑን በባትሪ ብርሃን አየች።
«ይሄ እኮ አዲሱ ነው! አሮጌውን ማምረት ካቆሙ ከርመዋል፤
በእሱ ቦታ ይህን ልከዋል።
እግሩ ያው ሃያ ስምንት፣ ጀርባው ላይ የታተመው ያው፣
ድራይቨሩም ያንተው።»

አዎ፣ የኔው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ጸጉሬ ሳይሸሽ፣
«አሥራ ሁለተኛው ሬጅስተር፣ ሦስተኛዋ ቢት» ብዬ የጻፍኩት፣ ሳልሳሳት፣ ሳልዋሽ።
ለአሮጌው ቺፕ ያቺ ቢት «አቀዝቅዝ» ማለት ናት፤
ለአዲሱ ግን (ማን ነግሮኝ!) የበረዶ ማቅለጫ እሳት።
እኔ «አቀዝቅዝ» ስል እሱ «አቅልጥ» ብሎ ሰማ፣
ሌሊቱን ሙሉ፣ ከባሕሩ መሃል፣ በዚያ ጨለማ፣
በቅን ታዛዥነት ስኩዊዱን አሞቀ።
ትእዛዝ አልጣሰም፤ ቋንቋው ነው የራቀ።

ድራይቨር እንለዋለን። ሾፌር ነው በቃ፤
ፍሬንና ነዳጁ ቦታ ሲለዋወጡ ማንም ያልነገረው፣
ያቆመ መስሎት ነው ገደል የከተተው።

«እንግዲያ ስሙን ጠይቂው፤ ዜሮ አድራሻ ላይ መታወቂያ አለው።»
ጠየቀች። «አርባ አንድ» አለ አሮጌው።
አዲሱን ጠየቀች። «አርባ አንድ።»
ድገም? «አርባ አንድ።» ሞክሼ ናቸው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ይሁን።
የዚህን ግን ያወጣው አርብ ማታ አውቶቡስ የሚያባርር ሰው መሆን
አለበት፤ የታላቁን መታወቂያ ለታናሹ አድሎ
በሩን የዘጋ፣ «ሰኞ እቀይረዋለሁ» ብሎ።

እኔ ችኩል ነኝ። «በየመስመሩ ‹አዲሱ ከሆነ አምስተኛዋ ቢት› እያልን እንጣፈው፤
ይህን ክረምት እንኳ እንለፈው።»
ሣቀች። «ስድስት መቶ ቦታ ትጥፋለህ፤
ሦስተኛው ቺፕ ሲመጣ መርፌውን ከየት ታገኛለህ?»

ሦስት ሌሊት አደረች።
ኦሲሎስኮፑ አረንጓዴ መስመሩን ሲያስተኛ ሲያነሣ፣
ሻይዋ ሲቀዘቅዝ፣ ነፋሱ መስኮቱ ላይ ሲያገሣ፤
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ በጉንዳን ፊደል፣
«የተከለለ፤ አይነካ» የሚል።
ነካችው።
ሰባት ጻፈችበት፤ መልሳ አነበበችው።
አሮጌው «ዜሮ» አላት፤ የነገሩትን አያስቀምጥም።
አዲሱ «ሰባት» አላት፤ አደራ አይበላም።

ስም አንድ ቢሆን ትዝታ ይለያል፣ አልኳት።
«አትፈላሰፍ፤ ሠንጠረዡን ሙላ።»

ሞላሁ። ለእያንዳንዱ ቺፕ አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ሐሳብ አንድ ዓምድ፤
ማቀዝቀዝ፣ ማቅለጥ፣ ደወል። ቁጥር ከዚህ ወጥቶ የትም እንዳይሄድ።
የቀረው ኮድ «አቀዝቅዝ» ብቻ ይላል፤
ሠንጠረዡ ለየባለቤቱ ይተረጉማል።
ያቺ ሦስቴም አልተሰረዘች፤ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።
ልክ ነበረች፣ ልክ ናት፤ ለሰው ቤት ነበር የተላከች።

ቅዳሜ ወደ ናንልያው ወደብ ወረድን። ካፒቴን ጓን ጀልባው ላይ ቆሞ
ቴርሞሜትሩን ያያል፤ አያምነንም፤ እውነቱን ነው ደግሞ።
ከዜሮ በታች ሁለት። ዘጠኝ። አሥራ ስምንት ሲል ቧንቧው ነጣ፣
ሰውየው እጁን ከኪሱ አወጣ፣
ለሱቺንግ ደረቅ ዓሣ ሰጣት።
ለእኔ ምንም።

ስንመለስ ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። ከሁለቱ ረድፍ በታች
አንድ ባዶ ትታለች፤ ከጎኑም እንዲህ ጽፋለች፦
«የሚመጣው እዚህ ይግባ። ስሙን ጠይቁት፤ ግን አትመኑት።»